ከዋርካው ላይ የጠፋው ሬሳ

ገመዱ አለ፤ ሰውዬው የለም።

ሹምባሽ እንዳላማው በኅዳር ረቡዕ ማለዳ፣ የጮቄ ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ መካከል ቆሞ ወደ ዋርካው አንጋጠጠ። ቅዳሜ ዕለት በገበያተኛው ፊት የተሰቀለው አርበኛ ቢተው እስከ ትናንት ማታ እዚያው ተንጠልጥሎ ነበር። ጣሊያኖቹ "ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለይ አይወርድም፤ ያወረደው ሰው ይተካዋል" ብለው በነጋሪት አስነግረዋል። ይኸው አሁን ባዶ ገመድ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል።

"በስመ አብ!" አለ እንዳላማው።

እንዳላማው ለጣሊያን ያደረ የፖሊስ አለቃ ነው። አገሬው ከኋላው ባንዳ ይለዋል፤ አልተሳሳተም። በደጉ ዘመን ግን ሌላ ሰው ነበር። ሌባና ነፍሰ ገዳይ ለማውጣት አገር ተሰብስቦ አውጫጭኝ ሲቀመጥ፣ ጠያቂ እንዲሆን የሚመረጠው እሱ ነበር። ሰው ሲዋሽ ያውቃል ይሉት ነበር። ያንን ስሙን ሰምተው ነው ጣሊያኖቹ የቀጠሩት፤ እሱም ሆዱን አሸንፎ እምቢ ማለት አልቻለም።

ገመዱን አስወርዶ አገላብጦ አየው። አልተቆረጠም። አንገት የገባበት ቀለበት በእጅ ላልቶ ሰፍቷል። ፈሪ ሌባ በጩቤ ቆርጦ ይሮጣል እንጂ ቋጠሮ ሲፈታ አይቆምም። ደግሞም አንድ ሰው ሬሳውን ከታች ደግፎ ካላነሳው ቀለበቱ አይላላም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አልቸኮሉም፤ ሬሳውንም እንደ ዕቃ አልጣሉትም። እንዳላማው ገመዱን ጠቅልሎ ካፖርቱ ሥር ከተተው። ያልተጠየቀውን ለጣሊያን አለመናገር ልማዱ ነበር።

ሌሊቱን ዋርካውን ሲጠብቁ ያደሩት ሁለት ፖሊሶች፣ ድረስና ወልደ ሚካኤል፣ ጎን ለጎን ቆመዋል።

"ተኛን፣ ሹምባሽ" አለ ወልደ ሚካኤል።

"ሁለታችሁም?"

"ሁለታችንም። ብርዱ አደንዝዞን።"

"ብርድ ያንቀጠቅጣል እንጂ መቼ ያስተኛል? እስቲ ተንፍሱ።" አፋቸውን አሸተተ። አረቄ አረቄ አይሉም። ወጣቱ ድረስ በካኪ ሸሚዝ ብቻ ቆሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"አንተ ጋቢህ የታለ?"

"ሚስቴ አጠበችው።"

"በዚህ ብርድ! የምታስቅ ሚስት አግብተሃል።"

በዚህ መሀል ማሬሻሎው በሞተር ብስክሌት እየተንደቀደቀ መጣ። ማሬሻሎው የከተማው ፖሊስ ሁሉ አዛዥ ነው፤ ቀይ ፂም ያለው፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ጣሊያናዊ። ባዶውን ዋርካ አየና ጆሮው ቀላ።

"እስከ ቅዳሜ ገበያ" አለ፣ "ዛፉ ላይ ሰው እፈልጋለሁ። ማንም ይሁን።"

ያ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተገኘ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ታረቀኝ፣ በበቅሎ እየጫነ የሚነግድ ሰው፣ ከሉማሜ መንገድ ሲመጣ ኬላው ላይ ያዙት። በበቅሎው ላይ አዲስ ሰሌን ተጭኖ ተገኘ። ሰሌን የሬሳ መጠቅለያ ነው፤ ማሬሻሎው ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ።

እንዳላማው እስር ቤት ሲገባ ታረቀኝ ተደብድቦ ፊቱ አብጦ አገኘው።

"ሰሌኑን ለምን ገዛህ?"

"ወንድሜን ልጠቀልልበት።"

"ወንድምህ እኮ ተሰቅሏል፤ እንዳይወርድ ተከልክሏል።"

"አንተ ትነግረኛለህ? ሰዉን በሰደፍ እየገፋህ ለመስቀያው ቦታ ያስለቀቅኸው አንተ አይደለህም?" ታረቀኝ ደም ተፋ። "ሉማሜ የሄድኩት የጣሊያን ወዳጅ የሆነ ባላባት አለ ቢሉኝ ነው። አማልዶ ሬሳውን ያሰጠኛል ብዬ ሰሌኔን ገዝቼ፣ ደጁን ስጠና ዋልኩ። አላስገባኝም። ማክሰኞ ሌሊት ዘሪቱ ጠላ ቤት አደርኩ። ሂድና ጠይቃት።"

"ታዲያ ማን ወሰደው?"

"ባውቅ እነግርሃለሁ? የፈረንጅ ውሻ!"

እንዳላማው ወደ በሩ ዞረ። እውነት ነው፣ ቅዳሜ ዕለት ሰዉን የገፋው እሱ ነበር። አሁን ደግሞ ከአንዲት እናት ሁለተኛ ልጅ ሊሰቀል! ይህን ማየት አልችልም አለ በሆዱ፤ ደግሞ የአለቃውን ጆሮ እያሰበ ፈራ።

ሐሙስ በወታደር ካሚዮን ሉማሜ ደርሶ ተመለሰ። ዘሪቱ ጠላ ሻጯ ሳታንገራግር ነገረችው።

"አዎ፣ እዚህ አደረ። ምን ማደር ነው ታዲያ! እንቅልፍ መቼ ወሰደው? ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ እንግዶቼን ሁሉ ቀሰቀሰብኝ። ጎህ ሲቀድ በቅሎውን ጫነ። ምነው፣ ደግሞ እሱን ምን አደረጋችሁት?"

በአንድ ሌሊት ሉማሜ አልቅሶ ደብረ ማርቆስ ሬሳ የሚያወርድ ሰው የለም። እንዳላማው ይህንኑ ለማሬሻሎው አስረዳ። ሬሳውን የቀበረው እሱ ቢሆን ሰሌኑ መሬት ውስጥ በሆነ ነበር፣ በበቅሎ ጀርባ ላይ ምን ይሠራል አለ።

"ሁለት ገዝቶ ይሆናል" አለ ማሬሻሎው ቡናውን እያማሰለ። "ጠላ ሻጭ ደግሞ ለእኔ ምስክር አይደለችም። ሌላ ሰው ካላመጣህ እሱ ይሰቀላል።"

ዓርብ ማለዳ እንዳላማው ነገሩን ከሌላ ጫፍ ያዘው። መቃብሩን ብፈልግ አላገኘውም፤ ጎጃም ሁሉ አፈር ነው። ነገር ግን አንገቱን ለገመድ ሰጥቶ ሬሳ የሚያወርድ ክርስቲያን፣ ያለ ፍትሐት እንደ ውሻ ቆፍሮ አይቀብረውም። ስለዚህ የሆነ ቄስ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከውትርን ወንዝ ማዶ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ከገበያው ወደዚያ የሚወስደው ዱካ ከጣሊያን ኬላ አያልፍም። አስተዳዳሪዋን ቄስ ፍሥሐን ከቅዳሴ ሲወጡ አገኛቸው።

"አባ፣ ሰሞኑን የቀበራችሁት ሰው አለ?"

"ሰኞ አንዲት አሮጊት። ሌላ የለም።"

"አንደባበቅ፣ አባ። እኔም እርስዎም የአንድ አገር ሰዎች ነን። ያንን ሰው የወሰደው ፍትሐት ሳያስፈታው አልቀበረውም።"

ቄሱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ለጣሊያን ካደርክ በኋላም ፍትሐት ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?"

መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ቢል ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መለሱት። እንዳላማው ሐፍረቱን ዋጥ አድርጎ ለመሄድ ዞረ፤ ዞሮም ከልቡ፣ "እንግዲህ የቢተውን ነፍስ ይማር" አለ።

"የኃይለ ኢየሱስን ነፍስ ይማር፣ አሜን" አሉ ቄስ ፍሥሐ።

ምን እንዳመለጣቸው ሲያውቁ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

ጉድ ነው መቼም! ቄስ ለነፍስ ሲጸልይ ሟቹን በዓለም ስሙ አይጠራውም፤ በክርስትና ስሙ ነው እንጂ። ሠላሳ ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ዓርብ አይታረምም። የክርስትና ስም ደግሞ የአደባባይ ስም አይደለም፤ እናት ታውቀዋለች፣ የንስሐ አባት ያውቀዋል። ቢተው ኑሮው ዲማ ነበር፤ የንስሐ አባቱም እዚያው ዲማ ናቸው። ቄስ ፍሥሐ በሕይወቱ አላዩትም። ስሙን ከእናቱ አፍ ተቀብሎ ለእሳቸው ያደረሰ ሰው አለ ማለት ነው።

"አባ፣ ማን እንደነገረዎት አልጠይቅዎትም" አለ እንዳላማው። "ለማንም ሰው ግን እንዲህ አይበሉ።"

የሟቹ እናት ወይዘሮ የብርጓል እስር ቤቱ በር ላይ፣ ታረቀኝ ከታሰረበት ግንብ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ደግሞ ዋርካው ሥር ነበረች፤ አሞራ በድንጋይ እየወረወረች ስታባርር። ከተማው ሁሉ አይቷታል፤ የተጠጋት ግን አልነበረም።

እንዳላማው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "እሜቴ፣ የቢተውን የክርስትና ስም ለማን ነገሩ?"

ደነገጠች። "ለማንም።"

"ከቅዳሜ ወዲህ ማን አናገረዎት?"

"ማን ያናግረኛል? ጎረቤቴ እንኳ እንደ ለምጻም ሸሽታኛለች። የተጠጉኝ ያንተ ፖሊሶች ብቻ ናቸው፣ በሰደፍ ሊያባርሩኝ ..."

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘግይታለች። እንዳላማው ከነካፖርቱ አፈር ላይ ተቀመጠ። የድረስ ጥርስ ሲንገጫገጭ፣ በኅዳር ታጠበ የተባለው ጋቢ፣ ሁለት ሰዎች ያልቸኮሉበት ቋጠሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። ሌባውን ፍለጋ አገር ሲያስስ የሰነበተው የገዛ ሰዎቹን ትቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ከእነሱ ይወጣል ብሎ በሕልሙም አላሰበም፤ ከራሱ ያልጠበቀውን ከእነሱም አልጠበቀም።

እናትየው እግሩን ጨብጣ ያዘችው። "አትናገርባቸው! በወላዲተ አምላክ፣ አትናገርባቸው!"

"ታረቀኝ ነገ ይሰቀላል እኮ፣ እሜቴ!"

"አውቃለሁ። ሙት ልጄን ከአሞራ አፍ ያወጡልኝን ሰዎች እኔ ላሳንቃቸው?" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንተ ሰው፣ ጻድቅ አይደለሁም። ከትናንት ወዲህ ስንቴ ተነስቼ እዚህ በር ድረስ ሄጃለሁ፣ ስማቸውን ልናገር። ልጄ ነዋ! አፌን ስከፍት ያ ልጅ ጋቢውን ሲያወልቅ ይታየኛል። ተመልሼ እቀመጣለሁ። እስከ ነገስ እንዴት እንደማድር አላውቅም።"

እንዳላማው ድረስንና ወልደ ሚካኤልን ከፖሊስ ሰፈሩ ጋጣ ጀርባ ጠራቸው። ድርቆሽ እየሸከፉ ነበር።

"ጋቢህን ቢተው ለብሶት ተኝቷል፣ አይደል?"

ድረስ መንሹን አስቀመጠ። አልካደም። "ለብሶታል።"

"አብደሃል? ምን ነክቶህ ነው?"

"ሹምባሽ፣ እናቱን እንዳባርር ላኩኝ። ሦስት ቀን ገፋኋት፤ ስትወድቅ ተነስታ ትመጣለች። ማክሰኞ ስገፋት አልተራገመችኝም። 'ልጄ፣ ክንዴ ዛለ፤ እስቲ አንድ ድንጋይ አንተ ወርውርልኝ' አለችኝ። ወረወርኩ። አሞራው ሄደ፣ ተመለሰ። ደግሜ ወረወርኩ። እስከ መቼ ልወረውር ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠየቅኳት።"

"አንተስ?" አለ እንዳላማው ወደ ወልደ ሚካኤል ዞሮ። "አንተ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት!"

"እኔማ እምቢ አልኩት፣ ሹምባሽ። ሰደብኩት። አንገቴን ልታስቆርጠኝ ነው አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እግሩን ያዝኩ፤ እሱ ቀለበቱን ፈታ።"

ድረስ ወደ እንዳላማው ቀረብ አለ። "ታረቀኝ መያዙን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እኔን ይስጡኝ። ብቻዬን አደረግሁት እላለሁ። ወልደ ሚካኤል ልጆች አሉት።"

"ዝም በል! ሁለት ሰው ነው ያወረደው፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አንተን ብሰጥ እሱን ይጠይቁኛል፣ እሱን ብሰጥ ቄሱን፣ ከዚያ እናቲቱን። አንድ ጫፍ ከተመዘዘ ሁሉም ይመዘዛል።" ጋጣው ሥር ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። "ስትገንዙት ያወለቃችሁት ልብስ የት አለ?"

"ሸሚዙ ድርቆሹ ሥር ተቀብሯል።"

"አምጡልኝ። እናንተም አንድ ነገር ዕወቁ፤ የማደርገው ነገር ከገመድ ያወጣችኋል፣ ከአለንጋ ግን አያወጣችሁም።"

ወልደ ሚካኤል አንገቱን ደባበሰ። "ጀርባ ይድናል፣ ሹምባሽ።"

ከቀትር በኋላ እንዳላማው ማሬሻሎውን ወደ ውትርን ገደል ይዞት ወረደ። ገደሉ የከተማው ጥንብ የሚጣልበት ቦታ ነው፤ የበሰበሰ አህያ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ከቁጥቋጦው መሀል የተዘነጣጠለ፣ ደም የነካው ሸሚዝ ተጥሏል፤ ዙሪያውን የተጋጠ አጥንት ተበትኗል። እንዳላማው ከካፖርቱ ሥር ገመዱን አወጣ፤ የተበጠሰ እንዲመስል ጫፉን በድንጋይ ፈግፍጎ አፍተልትሎታል።

"ይህ ምንድነው?" አለ ማሬሻሎው በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ።

"ጅብ ነው፣ ጌታዬ። ገመዱ ተበጠሰ፣ ሬሳው ወደቀ፣ ጠባቂዎቹ ተኝተዋል። ጅብ ጎትቶ እዚህ አመጣው። ሸሚዙን ያውቁታል፤ ሲሰቀል ለብሶት ነበር።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ይህን አላየህም?"

"እርስዎ ሌባ ፈልግ ስላሉኝ ሌባ ስፈልግ ነበር።"

ማሬሻሎው ዓይኑን አጥብቦ አየው። የጣሊያኖቹን የራሳቸውን መቃብር በክረምቱ ጅብ እየቆፈረ አስቸግሯቸው፣ በሽቦ ማሳጠሩን እንዳላማው ያውቃል። ሆኖም ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አጥንቱን ቢያነሳ የአህያ መሆኑ ይለያል።

"ጌታዬ፣ ለአለቆችዎ ምን ይነግራሉ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አርበኛ ከጦር ሰፈሩ አፍንጫ ሥር ሬሳ ሰርቆ ሄደ ይሏቸዋል? ወይስ ሁለት ሰነፍ ጠባቂ ተኝቶ ጅብ በላው?"

ማሬሻሎው ሸሚዙንና አጥንቱን አየ። ጎንበስ አላለም። ወደ መንገዱ እየወጣ ሳለ ብቻ ተናገረ። "ነጋዴውን ፍታው። ሁለቱ ጠባቂዎች ነገ ገበያው ላይ ሃምሳ ሃምሳ ይገረፋሉ። ገራፊው አንተ ነህ። እጅህ ከላላ፣ ጅቡን እንደገና እንፈልገዋለን።"

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሞላ። ባንዳ ሊገረፍ ነው የሚለው ወሬ አገር አዳርሷል፤ ሰው ለሠርግ እንኳ እንዲህ አይጠራራም። ማሬሻሎው ጥላ ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ጆሮ ጠቢዎቹ በሰዉ መሀል ተበትነዋል። ዋርካው ሥር በተነጠፈ የበሬ ቆዳ ላይ ድረስና ወልደ ሚካኤል ሸሚዛቸውን አውልቀው በሆዳቸው ተኝተዋል። ጠዋት የተፈታው ታረቀኝ ፊቱ እንዳበጠ ከፊት ቆሟል፤ እናቱ ከጎኑ ናት።

እንዳላማው አለንጋውን አነሳ። ማሬሻሎው እያየው ነው። አሳረፈው።

"በለው!" አለ ሰዉ። "ደግመህ በለው! ጅብ ያስበላ ውሻ!"

ሁለተኛው ሲያርፍ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ እልልታ ሆነ። የድረስ ጀርባ ተተለተለ። ታረቀኝ ሰዉን ጥሶ ገባና ድረስ ፊት ላይ እንትፍ አለበት። "ወንድሜ በጅብ ሲበላ አንተ ተኛህ! አጥንትህ አፈር አያግኝ!"

እናቱ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። አንድ ቃል ብትነግረው፣ ያን ቃል እሱ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል መደበቅ አይችልም። እንባዋ ወረደ።

ጎረቤቷ፣ ያ ሁሉ ቀን ስትሸሻት የሰነበተችው፣ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። "የብርጓል! ልጅሽን ያስበሉት ናቸው እኮ! እልል በይ እንጂ፣ ምን ነካሽ? ለባንዳ ነው የምታለቅሺው?"

ከጆሮ ጠቢዎቹ አንዱ ይህን ሰምቶ ዞር አለ። እናቲቱን ትኩር ብሎ አያት፤ ቀጥሎም ወደ ማሬሻሎው ወንበር መጠጋት ጀመረ። እንዳላማው አለንጋውን እንዳነሳ ቀረ።

ድረስ ከቆዳው ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። ከንፈሩን ነክሶት ደም በደም ሆኗል። "እሜቴ" አለ፣ እሷና እንዳላማው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ "እልል ይበሉ።"

የብርጓል አየችው። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ እልል አለች። አንዴ ከጀመረች አላቆመችም፤ ድምፅዋ ከገበያው ሴቶች ሁሉ በልጦ ወጣ፣ እንባዋ በጉንጯ እየተንዠቀዠቀ። ሰዉ ከደስታዋ ብዛት መሰለው፤ "እንዲህ ነው እንጂ፣ አንጀቷ ራሰ!" አለ። ጆሮ ጠቢው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዳላማው አለንጋውን አሳረፈ፤ ገና ብዙ ይቀረው ነበር።